ማሽን መርጦ አይሳሳትም

በላፕቶፑ ላይ ቀዩ መስመር በፊልሙ የሥዕል ቁጥሮች ላይ እየተንሸራተተ ሄደ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ሲደርስ ዘሎ ወደ አንድ ተመለሰ።

«ይኸው! አላልኩህም?» አለ ኖላዊ። «ሶፍትዌሩ ነው ባክህ፤ ከዚያ በላይ አይቆጥርም።»

ሥዕሎቹ ከነስሞቹ ሦስት መቶ ናቸው። ኢሉ ፉሪ ሰፈር፣ እቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ በእጁ የሣላቸው። ቦራ የሚሉት በሬያቸው እርሻቸው በተወሰደ ዕለት ቀና ብሎ ሲያይ፣ ከዚያ ሲተኛ። ኖላዊ ያዋጣው ላፕቶፑን ነው። ፊልሙ ሲጀምር «አዘጋጅ፦ ኖላዊ» ይላል፤ የኢሉ ስም ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የተቆረጠውም ይኸው መጨረሻው ነው።

ቲቸር ፀሐይወርቅ ሰኞ ለክፍሉ ያሳዩታል። «ሥዕሉን የሠራውን ነው ለክረምት ሥልጠና የምልከው። ያለኝ አንድ ቦታ ነው» ብለዋል።

«ዘግተን እንክፈተው እስቲ» አለ ኢሉ።

ዘግተው ከፈቱት። ያው ነው።

የኖላዊ እናት በበሩ ብቅ አሉ። «ይሄ የፉሪው ልጅ ዛሬም አለ? ጫማህን ውጭ አወለቅክ አይደል?»

«አውልቄአለሁ እትዬ።» በስሙ አንድም ቀን ጠርተውት አያውቁም።

ኖላዊ ሳቀ። «አታካብድ በቃ፤ አንተ እንደሣልከው እኔ አውቅ የለ? ቦምቦሊኖ ልግዛ፣ መጣሁ።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ኢሉም እስካሁን አብሮ ሲስቅ ነበር።

ብቻውን ሲቀር የኖላዊ እህት የሠራችውን የቆየ ፊልም ከፈተ። መስመሩ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለትን አልፎ ሄደ፤ ሦስት መቶን አልፎ ሄደ። ሶፍትዌሩ መቁጠር ያውቃል።

ወደ ራሳቸው ፊልም ተመለሰ። ከቁጥሮቹ ጎን «መጨረሻ» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ሐሙስ ዕለት ሦስት መቶ ብሎ የጻፈበት ራሱ ኢሉ ነው። አሁን ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ይላል። ስሙ የሚጀምረው ልክ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ማሽን እንዲህ መርጦ አይሳሳትም።

ጆሮው ጋለ። ሦስት መቶ ብሎ መመለስ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። ጣቱን አስጠግቶ ተወው። ቢመልሰው ኖላዊ «አየህ፣ ተሻለው!» ብሎ ይስቃል፤ ነገሩም በሳቅ ያልቃል።

«መጀመሪያ» የሚለውን ሳጥን ነካ። አንድን አጥፍቶ፣ ቦራ መታየት የሚጀምርበትን አርባ ዘጠኝ ጻፈ። የኖላዊ ስም ከነማብረቅረቂያው ከፊልሙ ወጣ።

አጫወተው። ቦራ ቀና አለ፤ አየ፤ ተኛ። ከፊትም ከኋላም የማንም ስም የለም። ሰኞ ቲቸር «ማን ነው የሣለው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ ኖላዊ ኢሉ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እያየው ይመልስ።

በሩ ተከፈተ። ኖላዊ ቦምቦሊኖውን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ዘረጋለት። «ያዝ፣ ትኩስ ነው። እንዴት ሆነ?»

ኢሉ የተዘረጋለትን እጅ አየው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ትልቁን የሚሰጠው ይሄው እጅ ነው።

«ያው ነው» አለ። «ሶፍትዌሩ ነው።»

ቦምቦሊኖውን በግራ እጁ ተቀበለ። በቀኙ ፊልሙን ወደ ፍላሹ የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫነ።