በካርቶን የተሠራ የነፋስ መንገድ

ቤቴል ያን ዕለት ጠዋት ቆርጣ ነበር። ዲስኮቹ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ሳይገለበጥ ከስቱዲዮው ላትወጣ።

አባቷ አቶ ተስፋጽዮን በአሥራ ስድስት ዓመት የቀረጹት ሠርግ ሁሉ ያለው በአንዲት ጥቁር የኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ፣ በስምንት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። የሟች እናቷም ድምፅ እዚያው ነው። እናቷ በየሠርጉ ትዘምር ነበር፤ ሌላ ቦታ አልተቀዳችም። ሣጥኗ ግን ከሰሞኑ እየጋለች ድንገት ትዘጋለች። ከስምንቱ ዲስኮች ሁለቱ ለመሞት እያጣጣሩ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዋቅቶላ ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ይዞ ኢምፔሪያል ያለው ስቱዲዮ ደረሰ። ከወር በፊት ታክሲ ሰልፍ ላይ የኮምፒውተር ዕቃ ተሸክሞ አይታው ነው የተዋወቁት። ከዚያ ወዲህ በትንሹም በትልቁም ትጠራዋለች። አንዴ ፕሪንተሩ፣ አንዴ ኪቦርዱ። የዛሬው ግን የእውነት ነው።

መስኮት አልባዋ ጓዳ ገብቶ ሣጥኗን ሲያይ ሳቀ። ቤቴል የጎኗን ክዳን አውልቃ ትልቁን ቬንቲሌተር ደግናባታለች።

«ምን ያስቅሃል?»

«ጉንፋን ልታስይዣት ነው እንዴ?»

«እንድትቀዘቅዝ ነዋ!»

«ነፋሱ በከፈትሽለት ገብቶ በዚያው ይወጣል። ዲስኮቹ ጋ አይደርስም። መጀመሪያ ክደኛት።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊት ለፊቷን አየ። ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች ወርዶባታል።

«ይሄን ጨርቅ ደግሞ ማነው…»

«እጅህን አንሳ!»

አቶ ተስፋጽዮን የበሩን መጋረጃ ገልጠው ቆመዋል። «ጨርቅ? ባለቤቴ ናት በእጇ የሠራችው። አቧራ እንዳይገባ ነው። ውጣልኝ!»

ዋቅቶላ ቦርሳውን አነሳ። ቤቴል ከፊቱ ቆማ መንገዱን ዘጋችበት።

«አይወጣም። አባዬ፣ ዳንቴሉን እማዬ ሠራችው፣ እሺ። ውስጥ ያለውስ ድምፅ የማን ነው? አንዱ ሌላውን እያፈነው ነው።»

ዋቅቶላ ቦርሳውን መልሶ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ዋቅቶላ። «ጨርቅ ማለት አልነበረብኝም። ግን አየር የምትስበው በፊቷ ነው። እኔ አልነካውም፤ እርስዎ ያንሱት።»

አቶ ተስፋጽዮን ወደ ሣጥኗ ቀረቡ። ከዚያ ዳንቴሉን አንስተው፣ አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱትና ወጡ።

ቤቴልና ዋቅቶላ የሣጥኗን የጎን ክዳን መልሰው ሥራ ጀመሩ። ዋቅቶላ የካሜራ ካርቶን ቀዶ እንደ ቦይ አጠፈው። አንዱ አፉ ቬንቲሌተሩ ላይ፣ ሌላው ዲስኮቹ ፊት። ቤቴል ያዘችለት፣ እሱ በፕላስተር ለጠፈ። ጣቶቻቸው ተነካኩ። እሷ እጇን አላሸሸችም። እሱ ፕላስተሩን ሁለቴ አጣሞ ለጠፈ።

«ስልሳ አንድ ዲግሪ» አለች ስክሪኑን እያየች። «ሃምሳ አምስት… ዋቅቶላ፣ አርባ አራት!»

«አሁን ግልበጣውን አስጀምሪው።»

ሰባት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁጥር ጠበቁ። ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር እሱ ካርቶኑን ያስተካክላል፤ እሷ እሱን ታየዋለች። አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ዲስክ ተገልብጦ አለቀ። ቤቴል አንዱን ሠርግ ከፈተች። የእናቷ ድምፅ ጓዳዋን ሞላት። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ፊት ለፊት ክፍል፣ የአባቷ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

መዝሙሩ ሲያልቅ ዋቅቶላ መፍቻዎቹን ሰበሰበ።

«እንግዲህ ምንም የሚበላሽ አልቀረሽም» አላት። «ከዛሬ በኋላ ምን ብለሽ ትጠሪኛለሽ?»

«ከዛሬ በኋላ አልጠራህም።»

ቀና ብሎ አያት።

«ራስህ ትመጣለህ» አለች። «ሽማግሌ ይዘህ።»

መፍቻው ከዋቅቶላ እጅ ወደቀ።

«ቤቴል፣ ዘመዶቼ እኮ ነቀምቴ ናቸው።»

«ያ ሁሉ የየካ አባዶን ኮንዶሚኒየም የሞላ ሰው እያለ ሁለት ሽማግሌ ታጣለህ?»

«ሦስት ይሁኑ» አሉ አቶ ተስፋጽዮን ከመጋረጃው ወዲያ። «እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ። በጊዜ ይነሱ ደግሞ፤ የየካ አባዶን መንገድ አውቀዋለሁ።»