አመድ ያልሻረው አፈር

«ወደ ኋላ በይ፤ እግርሽን እንዳይነካሽ» አለ አባቷ።

ሽቦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አባቷ የሞተውን ባትሪ በሁለት እጁ አቅፎ አዘነበለው። አሲዱ ባትሪው አናት ላይ ካሉት ስድስት ቀዳዳዎች እየተንዶቀዶቀ ወጣ። ከሶላር መጠገኛ ሱቁ ጀርባ ያለው መሬት ትንሽ አረፋ ደፈቀና ጠጣው። የተረፈው በቀጭኗ ቦይ ተንኮለኮለና በአጥሩ ሥር ቁልቁል ሄደ።

«አመድ።»

ባልዲውን አቀበለችው። አባቷ ወጥ ላይ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው በጥንቃቄ እየበተነ እርጥቡን ሁሉ አለበሰው። «በቃ፣ ሞተ» አለ። «አመድ አሲድን ይገድለዋል። ሌሎቹ እኮ ይህችንም አያደርጉ፤ ደፍተው ነው የሚሄዱት።»

ግድግዳው ሥር ገና አሥራ አንድ ባትሪ ተደርድሯል። የአሮጌ ብረት ነጋዴው ሐሙስ ይመጣል። እሱ ደግሞ ፈሳሽ ያለበትን ባትሪ አይጭንም፤ አሲዱ መኪናዬን ይበላብኛል ይላል። ስለዚህ ሶላር የሚጠግን ሁሉ ባትሪውን ባዶ አድርጎ ነው የሚያስረክበው። ሥራው እንዲህ ነው ተብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ ልማድ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ሽቦ ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣላት የክፍል ጓደኛዋ ጉንጩ ነው፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም የሶላር ጠጋኝ ልጅ ስለሆነች። እሷም ዝም አላለችውም። እሱ ሲስቅ ዓይኑ በጉንጩ ውስጥ ይጠፋልና ስሙን በዚያው አወጣችለት። የጉንጩ አያት ጓሮ ደግሞ ከሱቁ ቁልቁል፣ ከአጥሩ ወዲያ ነው።

በማግሥቱ የሳይንስ መምህርቷ ተማሪዎቹ ከየሰፈራቸው ያመጡትን አፈር በብርጭቆ አስደረደረች። ቀይ ጥቅል ጎመን የተቀቀለበትን ሐምራዊ ውሃ በየብርጭቆው ጨመረች። አፈሩ ደህና ከሆነ ቀለሙ እንዳለ ይቆያል፤ አሲድ ካለበት ይቀላል።

የሁሉም ሐምራዊ ሆኖ ቀረ። የጉንጩ ብቻ እንደተነከሰ ምላስ ቀላ። ክፍሉ ሳቀ።

«አለቀልኝ» አለ ጉንጩ ጭንቅላቱን ይዞ። «ቲቸር፣ እባክዎ ይህን ለአያቴ እንዳይነግሩብኝ። ጓሮዋ ከአጥሩ በኩል ክረምት ከወጣ ወዲህ ተቃጥሏል። ማዳበሪያ ያበዛኸው አንተ ነህ አለችኝ። እኔ እንደሆንኩ አንድ ጣሳ ነው የበተንኩት፤ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ አፈሩን እጠብ ተብዬ ከትምህርት ቤት መልስ ጄሪካን ስሸከም ነው የምውለው። ኳስ ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ።»

«በአንድ ጣሳ ማዳበሪያ እንዲህ አይቀላም» አለች መምህርቷ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ። «ከጓሮው በላይ ምንድን ነው ያለው?»

«የሽቦ አባት ሱቅ። ሶላር ነው የሚሠሩት፤ ሶላር ደግሞ ንጹሕ ነው። ራስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

መምህርቷ ብርጭቆውን ዝቅ አደረገችው። «ልክ ነህ፤ ፓኔሉ አይጨስም፣ አይጮህም፣ ነዳጅ አይጠጣም። ባትሪው ግን በአራት በአምስት ዓመት ይሞታል። በውስጡ አሲድ አለ፤ እርሳስ የሚባል ከባድ ብረትም አለ። አሲዱን አመድም ሆነ ኖራ ያበርደዋል። እርሳሱን ግን የሚያበርደው ነገር የለም። መሬት ውስጥ ይቀመጣል፣ ከመሬት ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ሰው ይሄዳል። አስቀድሞ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ይህ የጎመን ውሃ ስለ እርሳሱ ምንም አይነግረንም።» ከዚያ ወደ ሽቦ ዞረች። «አባትሽ የሞተውን ባትሪ ምን ያደርገዋል?»

«ይሸጠዋል» አለች ሽቦ።

«እንዳለ? ሳይከፍተው?»

«እንዳለ።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው መዋሸቷ የገባት። መምህርቷ ጥቂት አየቻትና ብርጭቆውን ቦታው መለሰችው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጉንጩ እንደ ሌላው ቀን አላወራም። የጫማውን አፍንጫ እያየ ነበር የሚራመደው።

«እንግዲያው እኔው ነኝ ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «አንድ ጣሳ ያልኩት ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ ሦስት። እጄ ሰፊ ነው ትላለች አያቴ።»

«አንተ አይደለህም» አለች ሽቦ።

«ታዲያ ማን ነው?»

ሽቦ እርምጃዋን አፈጠነች።

«አየሽ? ደግነቱ ከአጥሩ የራቀው መደብ ተርፏል። ቦይዋ እሱንም ታጠጣለች፤ ግን ቅጠሉ ምንም አልሆነም፣ እንዲህ ሰፍቷል» አለና መዳፉን ዘረጋ። «ነገ ጠዋት አያቴ ቆስጣውን ቆርጣ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ወጥ ቤት ታስረክባለች። ከዚያ ምናልባት ትታረቀኝ ይሆናል።»

ሽቦ ስትደርስ አባቷ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የመብራት ገመድ ይልጣል። ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊት ለፊቱ ቆመች። የብርጭቆውን ነገር፣ የጉንጩን ጄሪካን፣ መምህርቷ ስለ እርሳሱ ያለችውን ሁሉ ነገረችው። የራሷን ውሸት ግን ዘለለችው።

«አመድ እበትንበት የለም እንዴ?» አለ አባቷ።

«አመዱ አሲዱን ነው አባዬ። እርሳሱን አይነካውም። አሲዱም ቢሆን አመዱ ሳይደርስበት ነው በቦይዋ የሚወርደው። አይቼዋለሁ።»

አባቷ ገመዱን ጭኑ ላይ አኖረው። «ሥራውን ሲያስተምሩኝ አመድ በትን አሉኝ፤ በተንኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ነገረኝ?»

«የጉንጩ አያት ነገ ቆስጣውን ሊቆርጡ ነው። ለመዋዕለ ሕፃናቱ።»

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የክሊኒኩን የክትባት ፍሪጅ ማን ነው የሚያሠራው?»

«አንተ።»

«እናትሽ እዚያው ክሊኒክ የእጅ ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ነበር የምታዋልደው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ጭሱ በመስኮት እየገባ አራሶቹን ያስላቸው ነበር። ይህን ሁሉ ያስቀረው ሶላሩ ነው። አሁን ይህ ወሬ ከወጣ ሱቁ ይታሸጋል። የክሊኒኩ ባትሪ ሲሞት ማንን ይጠራሉ?»

አባቷ ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ የከበዳትም እሱ ነው።

«ሐሙስ ይለፍ» አለ። «እነዚህን ላስረክብና እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«የሚቆረጠው ነገ ነው።»

«አንድ ቀን ቢበሉት...» ብሎ ጀመረ አባቷ። ዓረፍተ ነገሩን ግን አልጨረሰውም። ገመዱን አንሥቶ የተላጠውን ጫፍ እንደገና መላጥ ጀመረ።

ማታ እናቷ ከክሊኒክ ደክማ ገባች። መንታ አዋልዳ ነው የመጣችው፤ ሁለተኛው አልመጣ ብሎ እንዴት እንዳስቸገረ ለራት ተቀምጠው አወራችላቸው። አባቷ ሰበብ ያገኘ ይመስል ከወትሮው የበለጠ ሳቀላት። ሽቦ ሳይጠሯት የመጣች እንግዳ ይመስል እጇን ሰብስባ ተቀምጣለች።

«ምን ሆና ነው የማትበላው?» አለች እናቷ።

«ፈተና ደርሶባት ነው» አለ አባቷ ቀድሞ።

ሽቦ ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን አላያትም። እንደ እሷ ሁሉ እሱም ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ የደነገጠ መሰላት። አዘነችለት፤ በማዘኗም ተናደደች።

ሌሊቱን ስትገላበጥ አነጋችው። ዝም ብትል ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ምንም አይሆንም። ሕፃናቱ ይበላሉ፣ ማንም አያለቅስም፣ ማንም አይወድቅም። ጉንጩ ጄሪካኑን ይሸከማል። ዓመት ሁለት ዓመት አልፎ አንዱ ሕፃን ፊደል አልገባው ቢል ሰነፍ ነው ይሉታል እንጂ ወደ ሱቁ የሚያይ የለም። ያስፈራትም ይኸው የሚያይ አለመኖሩ ነበር።

ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ አባቷ ከሱቁ ጀርባ አካፋ ይዞ ቆሟል። ቦይዋን በድንጋይና በጭቃ እየደፈናት ነው። ሸሚዙ ገና በማለዳ በላብ ርሷል።

«ዘጋኋት» አለ። «ከእንግዲህ ጠብታም አይወርድም።»

«የወረደውስ?»

አባቷ አካፋውን ጭቃው ላይ ተከለ። የፊቷን አቅጣጫ አየ፤ የቆመችው ወደ ቁልቁለቱ ዞራ ነው።

«የትምህርት ቤቱ መንገድ በዚህ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

ጥቂት ጠበቀች። ተመለሽ ቢላት ምን እንደምታደርግ እርግጠኛ አልነበረችም። አባቷ ግን ተመለሽም ሂጂም አላለም፤ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ማፈስ ቀጠለ። ሽቦ ቁልቁል ወረደች።

የጉንጩ አያት በእጃቸው ቢላዋ፣ በእግራቸው አጠገብ ሰፊ ቅርጫት ይዘው መደቡ መካከል ቁጢጥ ብለዋል። ጉንጩ በዩኒፎርሙ ጄሪካን ተሸክሞ በተቃጠለው በኩል ይንገዳገዳል።

«እንደምን አደሩ እማማ።»

«ደህና ነኝ ልጄ። አንቺ፣ አባትሽ ያን ሁሉ ብርሃን ለሰው ሲያድል አንቺን መመገብ ረሳ እንዴ? ጥላሽ እንኳ ቀጠነ እኮ» አሉ አሮጊቷ። «ይህን ማዳበሪያ በታኝ ልትወስጂው ከሆነ፣ ገና ስድስት ጄሪካን ይቀረዋል።»

«ጄሪካኑን አስቀምጠው» አለች ሽቦ ወደ ጉንጩ ዞራ።

«አያቴ ትገድለኛለች።»

«አስቀምጠው ስልህ። እሱ አይደለም እማማ። ማዳበሪያው አይደለም። ትናንት ክፍል ውስጥ ተጠይቄ ዋሽቻለሁ።»

ጉንጩ ጄሪካኑን እንደያዘ ቀረ። አያቱ የመጀመሪያውን ግንድ በግራ እጃቸው ጨብጠው ቢላዋውን አስጠግተው ነበር፤ ቀና አሉ። «ማን ነው ታዲያ?»

ስትመጣ «ሱቁ ነው» ልትል አስባ ነበር። «ባትሪው ነው» ልትልም አስባ ነበር። ሁለቱም ጥሩ ቃላት ነበሩ፤ ማንንም አይነኩም።

«አባቴ ነው» አለች። «ቆስጣውን አይቁረጡት እማማ። ሁሉንም እነግርዎታለሁ።»

ከአጥሩ በላይ የአካፋው ድምፅ ቆመ።