የዘጠነኛው ረድፍ ሳቅ

በፊልም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጅቷን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ድምፅ መቅረጽ ከመጀመሯ በፊት ጣቷን ወደ ላይ አንስታ «ጸጥታ» ስለምትል፣ ጸጥታ ተብላ ቀረች። ልጁን ደግሞ ሰከንድ ይሉታል። የስፖርት አስተማሪዎች የሚይዟት ዓይነት ሰዓት ከአንገቱ ተለይታ አታውቅም፤ ሰው ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ እንኳ ይለካል እየተባለ ይታማል።

የተገናኙት በዚህችው ሰዓት ጥፋት ነው። ጸጥታ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የዝናብ ድምፅ ስትቀርጽ ሰከንድ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ገባ። ቀስ ማለቱ ደግ ነበር፤ አንገቱ ላይ ያለችውን ሰዓት ግን ቅጭ አደረጋት።

ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወረደች። «አሥራ አንድ ደቂቃ ዝናብ አበላሸህብኝ።»

«አሥራ አንድ ከሃያ ሰከንድ» አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

«ውጭ ቆመህ ስትለካ ነበር?»

«ያልቃል ብዬ ስጠብቅሽ ነበር። አላልቅ ሲል ገባሁ።»

ሳቋን እንዳያይባት ወደ መስኮቱ ዞረች። የመጣው የመመረቂያ ፊልሙን ድምፅ የሚሠራለት ሰው ፈልጎ ነው። ፊልሙ ኮሜዲ ነው፤ ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ዓመታት ቢያልፉም መዘጋቱን አልቀበልም ያለ የአንድ ዘበኛ ታሪክ። እሺ አለችው።

የድርሰት መምህራቸው ቀልድ የሚያስተምሩ፣ ራሳቸው ግን ጥርሳቸው የማይታይ ሰው ናቸው። «መክፈቻውን አጥንታችሁ ሳትጨርሱ ካሜራ አልሰጥም» አሏቸው። «ሳቅ እንደ ጉንፋን ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይጋባል። መጀመሪያ የሚያስነጥሰው ማን እንደሆነ ፈልጋችሁ አምጡልኝ።»

ሦስት ሳምንት ከትምህርት በኋላ በፊልም ማያ ክፍሉ ተቀመጡ። የሠላሳ አንድ ኮሜዲ መክፈቻ አዩ። እሱ ይለካል፣ እሷ ትሰማለች፣ ሁለቱም በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እጃቸው ደብተሩ ላይ ሲነካካ ሁለቱም እኩል ይቅርታ ይጠያየቃሉ።

አንድ ቀን ሰከንድ እርሳሱን ጣለ። «አይሆንም። እኔና አንቺ ሁለት ሰዎች ነን። ሁለት ሰው ተያይቶ ነው የሚስቀው። እኔ የምፈልገው ጨለማ ውስጥ የማይተያይ ሰው ሲስቅ ነው።»

ጸጥታ ደብተሩን ዘጋች። ከዚያ «ቤታችን አለ» አለች።

«ምን?»

«ሳቅ። በካርቶን።»

አባቷ የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበሩ። በዚያ ዘመን ፊልም ሲበጠስ የተጎዳው ተቆርጦ ይጣላል፣ የቀረው ይጣበቃል። ብዙ አጫዋቾች ምላጩ ያረፈበትን ቆርጠው ያልፋሉ። እሳቸው ግን ተመልካቹን የሚያስቀውን ቦታ ቆርጦ መጣል ኃጢአት ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ ከማጫወቻ ክፍሉ ቀዳዳ ማይክሮፎን አንጠልጥለው በኮሜዲ ቀን የተመልካቹን ድምፅ በቴፕ ይቀርጻሉ። ፊልሙ ሲበጠስ ቴፑን ሰምተው ሳቁ የት እንደሚመጣ ካወቁ በኋላ ነው ምላጭ የሚያነሱት። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ የቴፕ ጥቅሎቹን ወደ ቤት አምጥተው ቆለፉባቸው። ለልጃቸው «የሥራ ዕቃ ነው» ብለዋታል፤ ሌላ አላሉም።

ጸጥታ ሦስት ጥቅል ወሰደች። ቁልፉ ሚስማር ላይ ነበር። አባቷን አልጠየቀችም።

ጥቅሎቹንና ማጫወቻውን ይዘው አባቷ ይሠሩበት ወደነበረው ሲኒማ ቤት ሄዱ፤ አሁን የቤት ዕቃ መጋዘን ሆኗል። የመጋዘኑ ዘበኛ አስገቧቸው። ወንበሮቹ ተነቅለው በቦታቸው ቁም ሣጥኖች በረድፍ ቆመዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ድሮ ስክሪኑ ወደነበረበት ግድግዳ አዙረዋል።

«ማን ነው እንዲህ ያዞራቸው?» አለ ሰከንድ።

«እኔ ነኛ» አሉ ዘበኛው። «ጀርባቸውን ሰጥተው ምን ያያሉ?» በአንድ ረጅም ቁም ሣጥን በኩል ሲያልፉ መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ብቻ ያስቸግረኛል። ከኋላው ያሉትን ይጋርዳል።»

ሰከንድ ጸጥታን አያት፤ እሷም አየችው። መክፈቻውን አግኝተውታል። ጨለማ ይሆናል፤ በጨለማው ውስጥ የሰው ሳቅ ይሰማል፤ የእጅ ባትሪ ሲበራ ግን የሚታየው ቁም ሣጥን ብቻ ነው። የፊልሙ ዘበኛ ረጅሙን ቁም ሣጥን «ጌታዬ፣ ዝቅ ይበሉ እንጂ፣ ከኋላ ያሉት አላዩም» ይለዋል።

ሳቁ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ጸጥታ ቴፑን መሬት ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት የሳቀ ሕዝብ ሣጥኖቹ መካከል ሳቀ። ዘበኛው ቆባቸውን አወለቁ።

«እነዚህ ሰዎች አሉ?»

«አናውቅም» አለች።

«እንግዲያው ነፍስ ይማር ልበል። ያለውንም አይጎዳው።»

ሰከንድ ሰዓቱን ትክ ብሎ እያየ ነበር። «መልሺው። ... እንደገና።» ሁለተኛውን ጥቅል አስገባች፤ ሦስተኛውንም። ፊልሞቹ ይለያያሉ። በሦስቱም ግን አንዲት ሴት ሕዝቡ ከመሳቁ በፊት ትስቃለች። እንደ ውኃ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚያንቅ ሳቅ ነው።

«አንድ ሰከንድ» አለ ሰከንድ። «ሁልጊዜ አንድ ሰከንድ ትቀድማለች። መምህሩ ፈልጉ ያሉን እሷን ነው።»

ጸጥታ ቴፑን መልሳ ከፈተችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሳቅ ተከተላት። ሳህን ስታጥብ ከቧንቧው ውስጥ የሚመጣ ይመስላታል። ደረጃ ስትወርድ ከበላይዋ ይወርዳል። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ዞር ብላ ከኋላዋ የተቀመጡትን ሰዎች ጥርስ አየች፤ የሳቀ አልነበረም።

«ምን ሆነሻል?» አላት ሰከንድ፣ አብረው ወደ ማቆሚያው ሲሄዱ።

«ያቺ ሴት የምታውቀኝ ይመስለኛል።»

አልሳቀባትም። ስለዚህም ወደደችው፤ ወይም መውደዷን ያኔ አወቀች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ «አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለ። «ካወቅሁሽ ጀምሮ ረጅሙ ዝምታሽ አርባ ሁለት ሰከንድ ነው።»

«የት ላይ?»

«ነገም ትመጫለሽ ወይ ስልሽ።»

«የምመጣ ከሆነ ለምን አርባ ሁለት ሰከንድ?»

«እኔም እሱን ነው ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። አልገባችም። የሚቀጥለውም መጥቶ ሄደ። ሰዓቷ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፤ አልነካትም።

ሰው ሲወድ እጁ አያርፍም። ጸጥታ ጥቅሎቹን እሱ ጋ ትታ ለሌላ ተማሪ ፊልም ሁለት ቀን ከከተማ ስትወጣ ሰከንድ ሊያስደስታት ፈለገ። ቴፕ በምላጭ መቁረጥ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ሰያፍ፣ መጋጠሚያው ቅጭ እንዳይል። ከሦስቱ ጥቅሎች ሳቋ በጣም የጠራበትን መረጠና የሴቲቱን ሳቅ ብቻዋን ቆርጦ አወጣት። አንድ ስንዝር ያህል የቴፕ ክር ነበረች። በባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጣት። የቀረውን ግራና ቀኙን አጣበቀ። ሥራው ከመጽዳቱ የተነሳ ጸጥታ ተመልሳ ጥቅሎቹን ወደ ቤት ስትወስድ ምንም አላየችም። እሱም መክፈቻውን ሲያሰማት በድንገት እንድትደሰት ብሎ አልነገራትም።

ከሦስት ቀን በኋላ ከትምህርት ስትመለስ አባቷን ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ አገኘቻቸው። አሮጌው ቴፕ ተከፍቷል፤ ጥቅሉ አልቆ ጫፉ እየዞረ ጠረጴዛውን ይመታል። አላጠፉትም።

«አባዬ?»

«ማን ነው የወሰዳት?» አሉ።

«ማንን?»

«እናትሽን።»

ጸጥታ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እናቷ የሞተችው እሷ አንድ ዓመት ሳይሞላት ነው። ፎቶ ነበራቸው። «ድምፅዋስ?» ብላ በልጅነቷ ስትጠይቅ «ድምፅ አልቀረም» ነበር መልሱ።

«በየዓመቱ የሞተችበት ቀን እሰማታለሁ» አሉ አባቷ። «ሌላ ጊዜ አልሰማም፤ እንዳታልቅ። ዛሬ ቦታዋ ስደርስ ሰዉ ብቻውን ሳቀ። ማንም ሳይቀድመው።» ጣታቸውን በቴፑ ላይ አሳረፉ። «ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ሥራ ቦታዬ እየመጣች ደጋግማ ስለምታየው ፊልሙን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ከሰው በፊት የምትስቀው ለዚያ ነው።»

ጸጥታ የዚያኑ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ሰከንድ ሥዕል በሥዕል የሠራውን የመክፈቻውን ዕቅድ ግድግዳ ላይ እየለጠፈ ነበር።

«ቆርጠሃታል?»

ፊቱን ብርሃን ሞላው። «ሰማሽው እንዴ? እኔ እኮ ላስደንቅሽ ...»

«እናቴ ናት።»

ሰዓቷን በእጁ ጨበጣት። ከኪሱ ቆርቆሮውን አውጥቶ ሰጣት። እጇ አልቀበል አላት።

«አንተ ጋ ይቆይ» አለች። «እኔ ከነካሁት ይጠፋል። አባቴ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስቷል። ሃያ አንድ ዓመት እኔን ሲያምን የኖረ ሰው ነው። እኔ ሰረቅሁ፣ አንተ ቆረጥክ። ፊልምህን ሌላ ሰው ይሥራልህ።»

ወጣች። ምን ያህል ሰከንድ እዚያው እንደቆመ አልለካም።

በማግስቱ ከሰዓት ሰከንድ ራሱ ወደ ቤታቸው ሄደ። በሩን አባትየው ከፈቱ።

«ቆራጩ እኔ ነኝ ጋሼ።»

ከላይ እስከ ታች አዩት። «ቁመትህ ረዘም ያለ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ግባ።»

ጠረጴዛው ላይ ማጣበቂያና የመቁረጫ ጣውላቸው ቀድሞም ተዘርግቷል። ክሯ ከተመለሰች ብቻቸውን ሊያጣብቋት አስበው ነበር፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል፤ ምላጭ የሚይዝ እጅ አልነበረም። ሰከንድ ቆርቆሮውን ከፈተ። ክሯን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጓት።

«ሰያፍ ቆርጠሃል» አሉ።

«ልጅዎ ያስተማረችኝ ነው።»

«እሷንስ ማን ያስተማራት ይመስልሃል?» ምላጩን ወደ እሱ ገፉት። «አንተ ቁረጥ። እኔ አያለሁ። ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ፤ የምትይዘው ክር ሰው ነው።»

ጸጥታ ከክፍሏ ድምፃቸውን ሰምታ በር ላይ ቆማለች። ሁለቱ ወንዶች ጭንቅላታቸው ሊጋጭ ጥቂት እስኪቀረው አጎንብሰው፣ አንዱ እጁን ሌላው ዓይኑን አዋጥተው ሲሠሩ አየች። ማንም አላናገራትም። ሰከንድ መጋጠሚያውን በጥፍሩ አለዘበና ጥቅሉን ወደ ቦታው መለሰ። አባቷ ቴፑን ከፈቱት።

አዳራሹ ሲያጉረመርም፣ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ እናቷ ሳቀች። ከዚያ ሕዝቡ።

ጸጥታ ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ሳቋን ብትሰሚ ድምፅዋን ትጠይቂኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አሉ። «ስትናገር የሚያሰማ የለኝም። ግማሽ እናት ከምሰጥሽ ዝም ልበል አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ስስትም ነበረበት።»

ሰከንድ ሊሄድ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው ጠሩት። «ያ መክፈቻህ። ሕዝቡን ውሰድ። የሕዝብ ሳቅ የሕዝብ ነው። እሷን ግን አልሰጥህም።»

«አልጠይቅዎትም።»

እስከ በሩ የሸኘችው ጸጥታ ናት። ጫማውን ሲያስር ቆማ ጠበቀችው።

«ነገ ትመጫለሽ ወይ?» አላት ቀና ሳይል።

ወዲያው «አዎ» አለች።

ፊልሙ የታየው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አዳራሹ ስምንት ረድፍ ብቻ አለው። አባትየው ኮታቸውን ቆልፈው ገቡና በጣታቸው ረድፎቹን ቆጠሩ፤ ከዚያ ከመተላለፊያው አንድ ወንበር አንስተው ከሁሉም ኋላ አስቀምጠው ተቀመጡ። መምህሩ ሊከለክሏቸው ሲነሱ ዓይናቸውን አይተው ተመልሰው ተቀመጡ።

ጸጥታ ከድምፅ ማጫወቻው አጠገብ ናት፤ ሰከንድ ከጎኗ። በመክፈቻው ላይ የሠሩትን ለምን እንደሠሩት የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሕዝቡን ሳቅ አስገብተዋል፤ ከሳቁ በፊት ግን እናቷ ትስቅበት የነበረውን ቦታ ምንም ሳያስገቡበት አንድ ሰከንድ ጨለማና ዝምታ አድርገው ትተውታል። መምህሩ «ይሄ ስህተት ነው፣ አውጡት» ብለው ነበር። አላወጡትም።

መብራት ጠፋ። ጸጥታ ከልማድ የተነሳ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች። ጨለማው ውስጥ ያ አሮጌ አዳራሽ አጉረመረመ፤ ወንበር ተንቋቋ።

ዝምታው መጣ። ሰከንድ አውራ ጣቱን ሰዓቷ ላይ አድርጎ ነበር፤ አልተጫናትም። እጁን የያዘችው በዚህች ቅጽበት ነውና።

ከኋላ፣ ለብቻው ከተቀመጠው ወንበር፣ አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ብዙ ዘመን ያልተከፈተ በር የመሰለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚያንቅ ሳቅ ነበር። ምንም አልታየም ገና። የሚመጣውን ያውቁ ነበር።

ወዲያው ቴፑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ተከተላቸው፤ ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ያለው።