ያልጣፈጠው ድስት

«ስኳሩን ገልብጪበትና ገላግዪን!» አለች ሀራም የስኳር ከረጢቱን ለጓደኛዋ ለሶልቢ እያቀበለች።

ሶልቢ በጭልፋ ደግማ ቀመሰች። አይጣፍጥም፤ የሩዝ ውሃ ብቻ። እናቷ ወደ ገበያ ስትወጣ የበሰለውን ሩዝ ከገብስ ብቅል ጋር በሁለት ድስት በጥብጣ፣ «ሞቅ እንዳለ ይቆይ፤ እንዳይፈላ!» ብላት ነበር። ሶልቢ ግን ከሀራም ጋር ስልክ ላይ አፍጥጣ ሳለች ሁለቱም ድስቶች ተንተከተኩ። የብቅሉ ኢንዛይም ሩዙን ወደ ስኳር ሳይለውጥ በሙቀቱ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ነገ ደግሞ የተፈታኞች እናቶች ያዘዙትን ዮት ሊወስዱ ይመጣሉ። ያ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ የሩዝ ከረሜላ ሳይቀመስ ፈተና አይገባም፤ የቀመሰው ፈተናው ላይ «ይጣበቃል»፣ ያልፋል ይባላል።

«እናቴ ብታውቅስ?»

«ስኳር ስኳር ነው ባክሽ!»

ሶልቢ አንዱ ድስት ላይ ገለበጠችው። ወዲያው ታናሽ ወንድሟ ዶዩን ማንኪያ ይዞ ገባ።

«እታለም፣ የኔስ?»

ሶልቢ ክው አለች። ሐኪሙ በሥዕል አስረድቷቸው ነበር፦ የሱቅ ስኳር የተጣመሩ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ የዶዩን ጉበት ደግሞ ፍሩክቶስን አይችልም። የብቅሉ ስኳር፣ ማልቶስ፣ ግን ሁለት ግሉኮስ ብቻ ነው። ዶዩን ሳይፈራ የሚበላው ጣፋጭ የእናቱን ዮት ብቻ ነበር።

ከስኳሩ ድስት የጨለፈበትን ማንኪያ ከአፉ ጫፍ ላይ መነተፈችው። ልጁ አለቀሰ።

«ምን ሆናችሁ?» እናታቸው ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንም እትዬ፣ ትኩስ ስለሆነ ነው» አለች ሀራም ቶሎ ብላ።

ሶልቢ ወደ ድስቶቹ ጠቆመች። «አይደለም፤ ሁለቱንም አፈላሁት። እዚህኛው ላይ ስኳር ጨመርኩ።»

ዘንቢሉ ከእናትየው እጅ ወደቀ። ሀራም ፊቷ አመድ መስሎ በጎኗ ሹልክ ብላ ወጣች። «ቀምሷል?» አለች እናትየው።

«አልቀመሰም።»

እናቷ ዶዩንን አቅፋ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«ያኛውስ ድስት?»

«ስኳር አልነካውም፤ ግን ተበላሽቷል...»

«ማን አለሽ? ሩዙ እዚያው አለ አይደል! በረድ ሲል ሌላ ብቅል እንጨምርበታለን። አንቺ ልጅ፣ ነፍሴን አወጣሽው እኮ!»

አመሻሹ ላይ ዶዩን ከዚያኛው ድስት በማንኪያ ላሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ይጣፍጣል!» አለ። ሶልቢና እናቷ ተያይተው ሳቁ፤ ሶልቢ ቀኑን ሙሉ ያልተነፈሰች ይመስል በረጅሙ ተነፈሰች።

ከዚያ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«ወዴት ነው?»

«ሀራም ጋ» አለች። «ዶዩን ደህና መሆኑን አታውቅም።»