የዘርፈሽዋል ተከራይ

ተከራዩ ሞቶ የተገኘው ዘርፈሽዋል በተሞሸረችበት አልጋ ላይ ነው። ቤቱን ከነአልጋው፣ ከነወንበሩ ለአንድ ዓመት አከራይታው፣ ለቀበሌው ግን «የወንድሜ ልጅ ነው» ብላለች። በ1970 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ውስጥ ቤት የሚያከራየው መንግሥት ብቻ ነበርና። አሁን ሬሳውም ውሸቱም እጇ ላይ ቀሩ። ገዳዩ ካልተገኘ ተጠያቂዋ እሷ ናት፤ ይህን ለማወቅ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

ዓይኑ ከአፉ የሚቀድመው መርማሪ መቶ አለቃ ጀምበሩ የከሰል ማንደጃውንና መስኮቱ ላይ የተወተፈውን ጨርቅ አየ። ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፤ አገጩ በጨርቅ ቅዳጅ ታስሯል፤ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው።

«የአልጋው ቦታ ይህ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ራስጌው መስኮቱ ሥር ነበር። ሃያ ዓመት ያነጠፍኩት አልጋ አይጠፋኝም።»

ምግብ ታበስልለት የነበረችው አዳነች «ብሩ እባላለሁ ብሎናል» አለች። «ማተብ ግን የለውም። ከተሜ ስለሆነ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ትላንት ብርድ ብርድ ብሎት ተኝቶ ነበር።»

ቤቱን ያፈላለገለት ጫት ነጋዴው መስዑድ «የሂርና መኪና ላይ ተሳፍረን ነው የተዋወቅነው። ከዚያ ሌላ አላውቀውም» አለ።

ጀምበሩ ሦስቱንም ሬሳው አጠገብ ሰበሰባቸው።

«ብሩ ክርስቲያን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ይቀበራል።»

መስዑድ «አይሆንም» አለ።

«ለምን እንደማይሆን እኔ ልንገርህ። በከሰል ጭስ የታፈነ ሰው አገጩን ራሱ አያስርም። ከሞተ በኋላ የገባ ሰው አለ። አልጋውን ያዞረው ፊቱን ለቂብላ፣ በሰሜን ላለችው መካ፣ ሊሰጠው ነው። ሁለቱ ሴቶች የሚያውቁት ክርስቲያን መሆኑን ነው። ያስጠጋኸው አንተ ነህ። ደግሞ አላውቀውም ስትል አልማልክም፤ ወላሂ ሳትል አንድ እስር ጫት የማትሸጥ ሰው።»

መስዑድ ቁጢጥ አለ።

«ስሙ አብዱላሂ ነው፤ የአጎቴ ልጅ። መንግሥት ይፈልገዋል። መደበቅ ሰለቸኝ፣ ነገ እጄን እሰጣለሁ አለኝ። ሲገርፉት እኔንም እትዬ ዘርፈሽዋልንም ይጠራል። አራት ልጆች አሉኝ፣ መቶ አለቃ። ይሙቅህ ብዬ ማንደጃውን አስገባሁለት፤ መስኮቱን ወተፍኩት። ጠዋት ስመለስ ጀርባውን ለቂብላ ሰጥቶ አገኘሁት። እንዴት እንደዚያ ትቼው ልሂድ?»

ዘርፈሽዋል ከግድያው ክስ ዳነች፤ ደስታ ግን ፈልጋ አጣች። ሰውየው እሷንም አዳንኩ ብሎ ነው የገደለው።

መስዑድን ወሰዱት። ጀምበሩ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ሬሳውን የሚረከብ ዘመድ ከሌለ ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል።»

የሚፈለግ ሰው ዘመድ ነኝ ማለት ምን እንደሚያመጣ ዘርፈሽዋል ታውቃለች። የተዞረውን አልጋ አየችው።

«የወንድሜ ልጅ ነው» አለች። «መስጊድ ወስዳችሁ አሰግዱበት። እኔ እረከበዋለሁ።»

ጀምበሩ «ተረካቢ ዘመድ» በሚለው ፊት ስሟን ጻፈ።