ጥላው ሲሸሽ

«በሩን ከከፈትሽ አንቺን አያርገኝ!» አለች አክስቷ፣ የመኪናውን ቁልፍ ልጅቷ እጅ ላይ ጣል አድርጋ። ለአንዲት ሙሽራ የሰፋችውን ቀሚስ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ ፎቁ ሮጠች። «አስለክቼያት መጣሁ፤ አምስት ደቂቃ!»

አምስት ደቂቃ! አዋቂዎች ልጅን ሰዓት ማንበብ የሚያስተምሩት ራሳቸው ሊረሱት ነው። ልጅቷ መኪናው አጠገብ ቆማ ሃያ አምስት ቆጥራለች።

የኋላ ወንበር ላይ የአክስቷ ድመት «አለቃ» ተጋድሟል። ክትባቱን ተከትቦ እየተመለሰ ነው፤ የሚጓዝበት ሳጥን ስለተሰበረ ዛሬ እንዲሁ ነው የመጣው። ባለፈው ወር በተከፈተ በር አምልጦ፣ አክስቷ ዘጠኝ ቀን እህል በአፏ ሳይዞር ፈልጋዋለች። ስለዚህ ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ በሩ አይከፈትም። መስኮቱ ጣት በምታህል ክፍተት ዝቅ ብሏል፤ መኪናውም ከፎቁ ጥላ ሥር ቆሟል።

ጥላው ግን ሄዷል። ልጅቷ ይህን ያወቀችው የመኪናው ጣሪያ ክርኗን ሲፈጃት ነው።

«ጋሼ፣ ድመቱ አፉን ከፍቷል» አለችው ለፎቁ ጥበቃ።

«እያዛጋ ይሆናላ።»

«ምላሱን አውጥቶ?»

ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። «እየሳቀብሽ ነው! ስሚ፣ ድመት ማለት ሙቀት ነፍሷ ነው። የኔዋ ምድጃ ሥር ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም።»

እውነቱን ነው። አለቃም የሚተኛው ከአክስቷ ካውያ አጠገብ ነው። ታዲያ በሚወደው ነገር እንዴት ይታመማል? ልጅቷ ግራ ገባት። አክስቷ ጋ ደወለች። ስልኩ ጮኸ፤ እዚያው መኪናው ውስጥ፣ የፊት ወንበር ላይ።

ብትከፍት ያመልጣል። ባትከፍትስ? አክስቷ አዛለች፣ ጥበቃው ስቋል፤ ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች፣ ሁለቱም እርግጠኞች። እርግጠኛ ያልሆነችው እሷ ብቻ ነበረች።

ጣቶቿን በመስኮቱ ክፍተት አሾለከች። የምድጃ አፍ ነው። የአለቃ ጎን ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤ አገጩ በለሃጭ ርሷል።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ድመት ምድጃው ሲበዛባት ምን ታደርጋለች?»

«ትነሳለቻ! ወደ በረንዳ ትወጣና…»

«ይሄስ ወዴት ይውጣ?»

ጥበቃው እንደገና ጎንበስ አለ። መኪናውን አየ፤ ከዚያ ወደ ጥበቃ ቤቱ ሮጠ።

እሷ በሩን ከፈተች። ሹራቧን ዘርግታ ሊዘልባት ሲል ልትይዘው ተዘጋጀች። አለቃ አልዘለለም። ሊያመልጥ እንኳ አልሞከረም። ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይሄ ነው።

ደረጃው ሥር፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አስተኛችው። ጥበቃው ውኃ ይዞ መጣ፤ አሁን አይስቅም። መዳፎቹንና ሆዱን አራሱለት። አክስቷ የወረደችው ይሄኔ ነው።

«አትክፈቺ አላልኩሽም?» ጮኸች፤ ከዚያ አየችው። ድምፅዋ ወረደ። «ጥላ ሥር እኮ ነው ያቆምኩት…»

«ነበር» አለች ልጅቷ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አለቃ ቀና ብሎ ከመዳፏ ውኃ ላሰ። አክስቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እሰይ! በቃ ተሽሎታል። ቁልፉን አምጪ፤ አንዲት ደንበኛ ቀርታኛለች። እዚያ አምስት ደቂቃ ብቻ…»

ቁልፉ ልጅቷ ኪስ ውስጥ ነው። አላወጣችውም። የተሻለው ይሁን የደከመው አላወቀችም። አለቃን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ» አለች።