ያልተጠየቀው ሰው

ከአቴና የመጣችው መርከብ ከሰዓት በኋላ እንደምትመለስ ኤቭዶኪያ ታውቃለች። እጮኛዋ ፕሮድሮሞስም ያውቃል። ሁለቱም ግን ስለ መርከቧ አላነሱም።

አባቷ ከተቀበሩ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል። እንደ ደሴቲቱ ልማድ አጽማቸው ወጥቶ በወይን ጠጅ የሚታጠብበት ቀን ነው። በመቃብሩ ግቢ ውስጥ አክስቷ ካሊሮይ አጥንቱን ከቆፋሪው እየተቀበለች ነጭ ጨርቅ ላይ ትደረድራለች።

«አንተ ሙሽራ! ዘበኛ ነህ እንዴ በር ላይ የቆምከው? ና አማትህን እጠብ!» አለች ፕሮድሮሞስን።

ፕሮድሮሞስ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በዘጠኝ ዓመቱ የእናቱ አጽም ሲወጣ ከዚሁ ግቢ ሮጦ አምልጧል። አሁን አቴና ውስጥ እርጅናን ለማሸነፍ ከሚመራመሩ ሰዎች ጋር ይሠራል። ኪሱ ውስጥ አንድ ውል አለ፦ የሞተ ሰው አስከሬን በብርድ ተጠብቆ፣ የሚያስነሳው መድኃኒት እስኪገኝ ይቆያል ይላል። ሁለት ስም ሰፍሮበታል። የኤቭዶኪያን የጻፈው እሱ ነው፤ የቀረው ፊርማዋ ብቻ ነው።

ጠጋ አላት። «ካልፈረምሽ እንዴት ላግባሽ? አንድ ቀን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ትቼሽ እንደምሄድ እያወቅኩ?»

ኤቭዶኪያ በግቢው ወዳለው ጥድ ዞረች። ጥዱ ላይ ፌንጣዎቹ ይንጫጫሉ።

«አባቴ ስለ ፌንጣዎቹ የሚያወራው ትዝ ይልሃል?»

«የንጋቷን አምላክ ተረት» አለ። «የምትወደው ሰው እንዳይሞትባት ለመነች፤ እንዳያረጅ መለመኑን ረሳች። ኮስምኖ ኮስምኖ ፌንጣ ሆነ። እኛ ያን ስህተት አንደግምም፣ ኤቭዶኪያዬ። ወጣትነቱንም አብረን ነው የምንፈልገው።»

«ስህተቷ እሱ አይደለም።» ቀና ብላ አየችው። «ሰውየውን አልጠየቀችውም።»

ፕሮድሮሞስ ውሉንና እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። እጇን አደራርቃ ወረቀቱን ተቀበለችውና የራሷን ስም ብቻ ሰረዘች።

«ያንተን አልነካሁትም፤ የራስህ ነው። እኔ የማገባህ ለአንድ ዕድሜ ነው። ይበቃሃል?»

ከዚያ የአባቷን ራስ ቅል ዘረጋችለት። በሁለት እጁ ተቀበላት። ወይኑን ቀስ ብሎ አፈሰሰበት።

«ክብደት የለውም እኮ» አለ በሹክሹክታ።

«ዓይኑን ተጠንቀቅ!» አለች ካሊሮይ እንባዋን እየጠረገች። «ወንድሜ ሲታጠብ ድሮም ይነጫነጭ ነበር።»

መርከቧ ጮኸች። ፕሮድሮሞስ ራስ ቅሉን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ፤ ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ሻንጣውን አንሥቶ ቁልቁለቱን ወረደ።

«ጥሪው እንጂ!» አለች ካሊሮይ።

«ጠይቄዋለሁ። መልሱ የሱ ነው።»

መርከቧ ትንሽ ነጭ ነጥብ እስክትሆን ኤቭዶኪያ ከአጥንቱ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ስታነሣ ከወደቡ የሚመጣውን ዳገት አንድ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ይወጣል። የእጅጌው ጫፍ በወይን ቀልቷል።

ምንም ሳይናገር አጠገቧ ተንበረከከ። ወረቀቱ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል፤ አልቀደደውም።

አየችው። ከዚያ ወይኑን ወደ እሱ አስጠጋችለት።